በሽቦ ተሰፍቶ በሙጫ የሚቆም ታንኳ

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



በግንባታ ሙያ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ተከብሮ የኖረ አንድ ሥርዓት አለ። ንድፉን የሚያወጣው አንድ ሰው ነው፤ የሚሠራው ሌላ ነው፤ የተሠራውን የሚቆጣጠረው ሦስተኛ ነው፤ በተሠራው ቤት ውስጥ የሚኖረው ደግሞ ከሦስቱም የተለየ አራተኛ ሰው ነው። ይህ ክፍፍል ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ሰው የራሱን ስሕተት ለማየት ዐይኑ ስለሚሰንፍ የአንዱን ሥራ ሌላው እንዲያየው ተደረገ። የዛሬው ንግግር የሚመለከተው ግን አራቱም ሰዎች በአንድ ሰው ውስጥ የሚገናኙበትን አንድ አነስተኛ ሥራ ነው። ይኸውም በአዲስ አበባ አናጢዎች ዘንድ ኮምፔርሳቶ ከሚባለው ስስ እንጨትና ኤፖክሲ ከተባለው ሙጫ፣ ካያክ የተባለውን ጠባብ ታንኳ በቤት ውስጥ የመሥራት ጥበብ ነው።

ጉዳዩ በመጀመሪያ ሲሰማ የትርፍ ጊዜ መዝናኛ እንጂ የሙያ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። በርግጥም በእንግሊዝ አገርና በአሜሪካ ይህን ሥራ በመኪና ቤታቸውና በጓሮአቸው ከሚሠሩት መካከል ብዙዎቹ አናጢነትን መተዳደሪያቸው ያላደረጉ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው እንጨት ውስጥ ተቀምጦ ወደ ጥልቅና ቀዝቃዛ ውሃ የሚወጣ ሰው፣ ያ እንጨት የተያያዘበትን መገጣጠሚያ ማን እንደ መረመረው መጠየቁ አይቀርም። መልሱ «ራሱ ነው» የሚል ብቻ ነው። ሌላ መርማሪ የለም። የዚህ ሥራ ፍሬ ነገርም ያለው ከዚሁ ላይ ነው።

ነገሩን ለማስረዳት ከጣና ታንኳ መነሣት ይጠቅማል። የጣና ታንኳ የሚሠራው ከደንገል ነው። የደንገል አገዳ ውስጡ እንደ ስፖንጅ ሆኖ በአየር የተሞላ በመሆኑ፣ ታንኳው የሚንሳፈፈው በራሱ በቁሱ ቅለት ነው። ውሃ ቢረጨበትም፣ ጎኑ ቢፈታም ወዲያው አይሰጥምም። የሚሞተው ቀስ በቀስ ነው። አገዳው ውሃ እየጠጣ ይከብዳል፤ ባለቤቱም ከሥራ በኋላ ከባሕሩ አውጥቶ ፀሐይ ላይ ያደርቀዋል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። ካያክ በዚህ በኩል ፍጹም ተቃራኒ ነው። ካያክ የሚንሳፈፈው በባዶነቱ ነው። 75 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ 22 ኪሎ የሚመዝን ካያክና 8 ኪሎ ስንቅ በአንድነት 105 ኪሎ ይሆናሉ፤ በሐይቅ ላይ ሲያርፉም 105 ሊትር ውሃ ገፍተው ይቆማሉ። አምስት ሜትር ገደማ የሚረዝም የባሕር ካያክ የውስጥ ይዞታ ግን ብዙውን ጊዜ ከ300 ሊትር አያንስም። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት የቀዛፊው ዋስትና ነው። ዋስትናው የሚጸናው ግን ቅርፊቱ እስካልተከፈተ ድረስ ብቻ ነው። የደንገሉ ታንኳ ባለቤቱን አስቀድሞ ያስጠነቅቀዋል፤ ይኸኛው አያስጠነቅቅም።

ካያክን የፈለሰፉት በሰሜን ዋልታ ዙሪያ፣ ከግሪንላንድ እስከ አላስካ የሚኖሩት የኢንዊትና የአሌውት ሕዝቦች ናቸው። ዛፍ በማይበቅልበት አገር፣ ባሕር የተፋውን እንጨትና የዓሣ ነባሪ አጥንት እየለቀሙ አጽሙን ያበጁ ነበር። አጽሙ በጠፍር እየታሰረ፣ ማዕበል ሲመታው እንዲተጣጠፍ ሆኖ ይሠራል። በላዩም የአቆስጣ ቆዳ ይለበጣል። ልኩ የሚወሰደው ከሚቀዝፈው ሰው አካል ነበር። በግሪንላንድ እንደሚነገረው ርዝመቱ የባለቤቱ ቁመት ሦስት እጥፍ፣ ወርዱ የዳሌው ስፋትና ሁለት ጭብጥ ያህል ነው። ስለዚህ የአንዱ ካያክ ለሌላው ልክ አይሆንም፤ እንደ ጫማ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ መሐንዲስን ሊያስደንቅ የሚገባው የቆዳው ስፌት ነው። የሚሰፉት ሴቶች ነበሩ። መርፌው የቆዳውን ውፍረት በሙሉ አይበሳም፤ ግማሹን ብቻ ይዞ ይወጣል። ሁለተኛው መስመር ደግሞ በተቃራኒው ወገን በዚያው ዓይነት ይሰፋል። በዚህም ጥበብ ቆዳ ከቆዳ ጋር ጠብቆ ይያያዛል፤ ነገር ግን ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያልፍ አንድም ቀዳዳ አይገኝም። ባሎቻቸውና ልጆቻቸው በበረዶ ባሕር ላይ የሚወጡት በዚያ ስፌት ተማምነው ስለ ነበር፣ ሰፊዎቹ ስለ ጥራት ቁጥጥር ንግግር የሚያደርግላቸው ሰው አላስፈለጋቸውም።

ይህ የቆዳ ታንኳ ወደ እንጨት ታንኳ የተለወጠበት ታሪክ በመሠረቱ የሙጫ ታሪክ ነው። ኮምፔርሳቶ ማለት ስስ የእንጨት ልጣጮች፣ የአንዱ ጭረት ከሌላው ጭረት ጋር መስቀልያ እየሆነ፣ ቁጥራቸው ጎዶሎ ሆኖ የተጣበቁበት ሉህ ነው። እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ ጠንካራ፣ በአግድሙ ደካማ መሆኑ የታወቀ ነው፤ በእርጥበት የሚያብጠውና የሚኮማተረውም በአግድሙ ነው። መስቀልያ ሲደረግ አንዱ ልጣጭ የሌላውን ድካም ይሸፍናል። ሐሳቡ የቆየ ነው። ሆኖም ልጣጮቹን የሚይዘው ሙጫ ከደም ወይም ከወተት ከሚወጣው ኬዚን ይሠራ በነበረበት ዘመን፣ ሉሁ ውሃ ሲነካው ይፈታ ስለ ነበር ለጀልባ ሊታሰብ አልቻለም። በ1934 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ ጄምስ ኔቪን የተባለ የኬሚስትሪ ባለሙያ ፈጽሞ ውሃ የማይፈታው የኮምፔርሳቶ ሙጫ አዘጋጀ። ሞስኪቶ የተባለው የእንግሊዝ የጦር አውሮፕላን በኖቬምበር 1940 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ሲበር፣ ገላው የተሠራው ከበርች ኮምፔርሳቶና ባልሳ ከተባለው እጅግ ቀላል እንጨት ነበር። ስስ እንጨት በሙጫ ተይዞ ምን ያህል ሊሸከም እንደሚችል ከዚህ ወዲያ ክርክር አላስፈለገም።

የቀረው ችግር ሉህን ከሉህ ጋር የማያያዝ ጉዳይ ነበር። የቀድሞው ጀልባ ሠሪ በየማዕዘኑ የተጠረበ ወፍራም እንጨት እያስገባ ሉሁን በዚያ ላይ በምስማርና በብሎን ይመታ ነበር። ይህም ክብደት ይጨምራል፤ የሰለጠነ እጅም ይጠይቃል። ኬን ሊትልዳይክ የተባለ እንግሊዛዊ ካያክ ለመሥራት ሌላ መንገድ አወጣ። ሉሆቹን ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞ እንደ ጨርቅ በሽቦ ሰፋቸው፤ በስፌቱም ላይ የመስታወት ክር ጥብጣብ በሬዚን ለጠፈበት። ይኸው ዘዴ ሰፊውን ሕዝብ የደረሰው ሚረር በተባለችው ትንሽ ባለ ሸራ ጀልባ ነው። ሚረር በ1963 እ.ኤ.አ. በዴይሊ ሚረር ጋዜጣ ድጋፍ የወጣች፣ 3.3 ሜትር የምትረዝም ጀልባ ናት። የነደፏት ጃክ ሆልት የተባለው የጀልባ ነዳፊና በቴሌቪዥን የቤት ውስጥ ሥራ በማስተማር የታወቀው ባሪ ባክኔል ናቸው። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ከ70,000 በላይ ተሠርተዋል። ከእነዚህም ብዙዎቹን የሠሯቸው፣ ከዚያ በፊት ጀልባ ሠርተው የማያውቁ ሰዎች ናቸው።

የመጀመሪያዎቹ ጀልባዎች የተለጠፉበት ፖሊየስተር ሬዚን ግን ከእንጨት ጋር ያለው ፍቅር ያን ያህል አይደለም። ከዓመታት በኋላ እርጥበት ከጥብጣቡ ሥር ሲገባ ጥብጣቡ እንደ አሮጌ ቴምብር ይነሣል። ኤፖክሲ ይህን ጉድለት አረመ። የስዊስ ኬሚስት ፒየር ካስታን በ1930ዎቹ የደረሰበት ይህ ሙጫ ከ1946 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አራልዳይት በሚል ስም ለገበያ ቀረበ። ወደ እንጨት ጀልባ ሥራ በሚገባ ያስገቡት ግን በአሜሪካ፣ በሚሺጋን ግዛት፣ በቤይ ሲቲ ከተማ ይሠሩ የነበሩት የጉጆን ወንድማማቾች ናቸው። እነርሱ የተነሡበት ሐሳብ፣ ኤፖክሲ ማጣበቂያ ብቻ ሳይሆን የእንጨቱን ገጽ ሁሉ ዙሪያውን የሚሸፍን ልብስ ይሁን የሚል ነው። ዘዴያቸውን ያብራሩበት መጽሐፍ በ1979 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ። ከ1990ዎቹ ወዲህ ደግሞ በሜሪላንድ፣ አናፖሊስ ላይ እንደሚገኘው ቼሳፒክ ላይት ክራፍት ያሉ ድርጅቶች በኮምፒዩተር የሚመራ መሣሪያ የቆረጠውን እንጨት በሣጥን አሽገው ስለሚሸጡ ሥራው ይበልጥ ቀሏል።

ወደ ሥራው ሲገባ፣ መጀመሪያ የሚያጋጥመው የጂኦሜትሪ ጥያቄ ነው። ባለ ሱቅ ቆሎ የሚጠቀልልበት ወረቀት በቀላሉ ሾጣጣ ይሆናል፤ በዚያው ወረቀት ብርቱካን ያለ እጥፋት ልሸፍን ቢል ግን አይችልም። ጠፍጣፋ ነገር በአንድ ጊዜ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎብጣል እንጂ በሁለት አቅጣጫ አይጎብጥም። በመርካቶ ቆርቆሮ የሚቀጠቅጥ ሰው ይህን ሕግ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል። የካያኩ ነዳፊም ቅርጹን ሁሉ ከሾጣጣና ከጥቅል ብቻ እንዲወጣ አድርጎ ያሰላዋል። ስለዚህ በሉሁ ላይ የሚሰመሩት አራት ረጃጅም ቁራጮች፣ ሁለት ለታች፣ ሁለት ለጎን፣ ጠፍጣፋ ሳሉ ምንም የታንኳ መልክ የላቸውም፤ ቀጫጭን የዓሣ ጎን ይመስላሉ። ሲሰፉ ግን ጠርዛቸው እርስ በርሱ እየተጓተተ ራሱ ወደ ቅርጹ ይመጣል። ቅርጹን የሚሰጠው የጠርዙ ልክ ነው። በጠርዙ ላይ የ2 ሚሊ ሜትር ስሕተት ያለበት ሠሪ ስሕተቱን በሁለቱም ወገን እኩል ካልሠራው፣ ካያኩ ዕድሜ ልኩን ወደ አንድ ወገን ሲያዘነብል ይኖራል።

እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ኦኩሜ የሚባል፣ በጋቦንና በአጎራባች አገሮች ደን የሚበቅል ዛፍ ነው። ጋቦን ከ2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግንዱ ሳይሠራበት ከአገር እንዳይወጣ ከልክላለች፤ ልጣጩ በአገር ውስጥ ተሠርቶ እንዲወጣ ማለት ነው። ኦኩሜ ቀላል ነው። 1.22 በ2.44 ሜትር የሆነ ባለ 4 ሚሊ ሜትር አንድ ሉህ ከ5 ኪሎ ተኩል እምብዛም አይበልጥም። ይሁን እንጂ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አንድ ነገር አለ። ቢ.ኤስ. 1088 የተባለው የእንግሊዝ ደረጃ የተመታበት የባሕር ኮምፔርሳቶ አይበሰብስም ብሎ ማመን ስሕተት ነው። ደረጃው የሚመሰክረው ሙጫው ውሃ እንደማይፈታውና በመሐል ልጣጮቹ መካከል ባዶ ቦታ እንደሌለ ነው። እንጨቱ ራሱ ግን እርጥበት ካገኘ ይበሰብሳል፤ ኦኩሜም በዚህ በኩል ጠንካራ ከሚባሉት አይቆጠርም። ማኅተሙን የተጠራጠረ ሠሪ ቁራጩን በድስት አፍልቶ፣ አድርቆ፣ እንደገና አፍልቶ ያየዋል። ሐሰተኛው ሉህ እንደ መጽሐፍ ቅጠል ይገለጣል።

አምስት ሜትር የሚረዝም ቁራጭ ከአንድ ሉህ ስለማይወጣ መቀጠል ግድ ነው። የሚቀጠለው ጫፍ ለጫፍ በመግጠም ሳይሆን ሁለቱንም ጫፎች በመላጊያ አስልሎ አንዱን በሌላው ላይ በማስተኛት ነው። የተለመደው ልክ የውፍረቱ ስምንት እጥፍ ነው። 4 ሚሊ ሜትር የሚወፍረው ሉህ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ይሰላል ማለት ነው። በዚህም የሚጣበቀው ስፋት ስምንት ጊዜ ይጨምራል፤ ኃይሉም ወደ ጎን መተርተር ቀርቶ በሙጫው ገጽ ላይ መንሸራተት ይሆናል። ሉሆቹ እንደ ደረጃ አንዱ ከአንዱ 32 ሚሊ ሜትር ወደ ኋላ እየተደረጉ ይደረደሩና ሁሉም በአንድ ጊዜ ይላጋሉ። መላጊያው ሲያልፍ የልጣጮቹ የሙጫ መስመሮች በገጹ ላይ እንደ ጥለት ይወጣሉ። ጥለቱ ቀጥ ካለ ልገቱ ቀጥ ብሏል፤ ጥለቱ ከተወላገደ ልገቱ ተወላግዷል። ምንም መለኪያ መሣሪያ ሳያስፈልግ እንጨቱ ራሱ ይመሰክራል። በዚህ ሥራ ውስጥ እንዲህ ያሉ የራሳቸውን ስሕተት የሚናገሩ ነገሮች ጥቂቶች ስለሆኑ፣ የሚናገሩትን መስማት ይገባል።

ሲጣበቅ ደግሞ የአናጢነት ልማድ ራሱ እንቅፋት ይሆናል። በኮላ የሠራ አናጢ ሞርሳውን እስኪንጣጣ ያጠብቃል፤ ለኮላ ይህ ትክክል ነው። ኤፖክሲ ግን በሁለቱ ገጾች መካከል ስስ ንጣፍ ሆኖ መቅረት አለበት። አጥብቆ የጨመቀው ሰው ሙጫውን አስወጥቶ ደረቅ መገጣጠሚያ ይዞ ይቀራል፤ ከውጭ ሲታይም ከጥሩው የተሻለ ንጹሕ መስሎ ይታያል። በተጨማሪም የሰላው ጫፍ ጭረቱ ተከፍቶ ስለሚታይ ሙጫውን እንደ ደረቅ መሬት ይጠጣል። ስለዚህ መጀመሪያ ቀጭን ኤፖክሲ ይቀባል፤ ከጠጣ በኋላ በእንጨት ዱቄት የወፈረው ይደገማል።

ስፌቱ የሥራው አስደሳች ክፍል ነው። ከጠርዙ አንድ ሳንቲ ሜትር ገደማ ገባ ብሎ፣ በየ10 ወይም በየ15 ሳንቲ ሜትሩ ቀዳዳ ይበሳል፤ የመዳብ ሽቦ እየገባ በፒንሳ ይጠመዘዛል። ከቀትር በፊት መሬት ላይ ተዘርግቶ የነበረው እንጨት ከቀትር በኋላ ታንኳ ሆኖ ይቆማል፤ የቤቱ ልጆችም የሚገቡበት ሰዓት ይህ ነው። ይሁን እንጂ በዚህ ሰዓት አንድ ምርመራ ካልተደረገ ወደ ፊት ፈጽሞ ሊደረግ አይችልም። ሁለት ቀጥ ያሉ ዘንጎች አንዱ በፊት፣ አንዱ በኋላ በታንኳው አፍ ላይ ይጋደማሉ። ሠሪው ከአንድ ጫፍ በርከክ ብሎ በአንድ ዐይኑ ሲያይ ሁለቱ ዘንጎች መጋጠም አለባቸው። ካልተጋጠሙ ገላው ተጠምዝዟል። ሽቦ ሲሆን አንዱን አላልቶ ሌላውን አጥብቆ ማቃናት ይቻላል። ሙጫው ከደረቀ ወዲያ ግን የሚያቃናው ኃይል የለም።

አሁን የሚደረሰው ከሁሉም ይበልጥ መታሰብ ከሚገባው ነገር ላይ ነው፤ ይኸውም ሙጫውን ከመደባለቁ ላይ። ኤፖክሲ ሁለት ፈሳሾች ናቸው፤ አንዱ ሬዚን፣ አንዱ ማጠንከሪያ። እንደየአሠራሩ ሁለት ለአንድ ወይም አምስት ለአንድ ይደባለቃሉ። ለፖሊየስተር የሚጨመረው ማጠንከሪያ ጥቂት ጠብታ ስለሆነ፣ ሲጨመርበት ቶሎ ይደርቃል፣ ሲቀነስለት ይዘገያል። ይህን የለመደ ሰው ኤፖክሲውንም ለማፋጠን ማጠንከሪያ ያበዛበታል። ስሕተቱ ከባድ ነው። የኤፖክሲ ማጠንከሪያ አፋጣኝ ቅመም ሳይሆን የግንባታው ግማሽ አካል ነው፤ እያንዳንዱ ቅንጣት ከሬዚኑ ቅንጣት ጋር ተያይዞ ሰንሰለት ይሠራል። የተረፈው ማጠንከሪያ የሚይዘው አጥቶ በመሐል ይቀራል፤ ሙጫውም ለዘላለም ለስላሳ ይሆናል። ፍጥነቱን የሚወስነው የማጠንከሪያው ዓይነትና ሙቀት ነው። በግምት 10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጨምር የመድረቂያው ጊዜ በግማሽ ያጥራል። በጥልቅ ኩባያ ውስጥ ብዙ ተደባልቆ የቆየ እንደሆነም የራሱ ሙቀት ራሱን እያፋጠነው ይጨሳል፤ በሰፊ ሳሕን ላይ ቢፈስስ ግን ሙቀቱን እየለቀቀ ይቆያል።

በልኩ ያልተደባለቀ ሙጫ በመገጣጠሚያ ውስጥ ከገባ በኋላ በዐይን አይለይም። በላዩ ላይ ሙሌት ይሞላበታል፣ ጥብጣብ ይለጠፍበታል፣ ቫርኒሽ ይቀባበታል። ስለዚህ አስተዋይ ሠሪዎች አንድ ቀላል ልማድ አላቸው። በደባለቁ ቁጥር ኩባያው ላይ ቁጥር ይጽፋሉ፤ በደብተራቸውም ቀኑን፣ ሙቀቱንና በዚያ ኩባያ የተሠራውን ቦታ ያሰፍራሉ። ኩባያውን አይጥሉትም። በማግስቱ ጥርኝ የምታህለውን ትርፍ በጥፍር ይጫኗታል። ጥፍር ከተቀበለች፣ የዚያ ኩባያ ሥራ ሁሉ፣ የቱንም ያህል ያማረ ቢሆን፣ ተፍቆ ይወጣል። በሲሚንቶ ሥራ ኩብ ቀርጾ መሰባበር ለለመደ ባለሙያ ይህ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው፣ ናሙናው ወድቆ ሳለ ማንም እንደማያውቅ እያወቁ መፋቅ ነው። የሥራው ፈተና ያለው ከዚህ ላይ ነው። ተቆጣጣሪ የለም፤ ውል የለም፤ ቅጣት የለም። ቅዳሜ ማታ ነው፤ ሠሪው ደክሞታል፤ ሙሌቱ ደግሞ አምሮበታል።

የመስታወቱ ጨርቅ ከዚህ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ደረቅ ሳለ ነጭ የሆነው ጨርቅ ኤፖክሲ ሲጠግብ እንደ መስኮት መስታወት ጠርቶ እንጨቱን ያሳያል። ያልጠገበ ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፤ ከመጠን በላይ የጠጣው ደግሞ እያብለጨለጨ ይንሳፈፋል። ጨርቁ የሚለጠፈው ለውበት አይደለም። የአንድ ሉህ ግትርነት በውፍረቱ ሦስተኛ ኃይል ልክ ያድጋል፤ ውፍረቱ አንድ ጊዜ ተኩል ቢሆን ግትርነቱ ከሦስት እጥፍ ይበልጣል። እንጨቱ መሐል ሆኖ ጨርቁ በሁለቱም ወገን ሲለበጥ፣ እንጨቱ ልብ፣ ጨርቁ ቆዳ ይሆናል፤ በትንሽ ክብደት ብዙ ግትርነት ይገኛል። ክዳኑም ጎብጦ የሚሠራው በዚሁ ምክንያት ነው፤ የጎበጠ ስስ ነገር ከጠፍጣፋው ይልቅ ይሸከማል።

በአብዛኛው ካያክን የሚገድለው ትልቁ ድንጋይ አይደለም። አንዲት ብሎን ናት። ታንኳው አልቆ፣ በሁሉም በኩል በኤፖክሲ ተሸፍኖ ሳለ፣ ባለቤቱ የስንቅ ማሠሪያ ገመድ ለማሰር ክዳኑ ላይ ቀዳዳ ይበሳል። የቀዳዳው ግድግዳ ራቁቱን የቀረ እንጨት ነው። ውሃ በዚያ ይገባል፤ በተሸፈነው ገጽ ሥር በልጣጮቹ ጭረት እየተሳበ ይሄዳል፤ መውጫ ግን የለውም። እንጨትን የሚበላው ሻጋታ የእንጨቱ እርጥበት ከ20 በመቶ በታች ሲሆን ሊያድግ አይችልም። ከዚያ በላይ ዘለግ ላለ ጊዜ ከቆየ ግን ሥራውን ይጀምራል። እንጨቱን ከውሃ እንዲጠብቅ የተደረገው ልብስ በዚህን ጊዜ ውሃውን የሚጠብቅ ልብስ ይሆናል። መፍትሔው የአሥር ደቂቃ ሥራ ነው። ቀዳዳው ከሚፈለገው በላይ ሰፍቶ ይበሳል፣ በወፈረ ኤፖክሲ ይደፈናል፣ ከደረቀ በኋላ በኤፖክሲው መሐል እንደገና ይበሳል። ሽቦው ያለፈበት እያንዳንዱ ቀዳዳም እንዲሁ መደፈን አለበት። የኢንዊት ሴቶች ያላለፈ ስፌት ሰፉ፤ የዚህ ዘመን ሠሪ አሳልፎ ሰፍቶ ስለሚደፍን፣ ከእነርሱ ይልቅ ብዙ ቀዳዳ የመቁጠር ግዴታ አለበት።

ካያክ የሚገለበጥ ነገር ነው። ስለዚህ ውስጡ ከመቀመጫው በፊትና በኋላ በሁለት አግዳሚ ግድግዳዎች ይከፈላል። ሲገለበጥ ውሃ የሚሞላው የመሐሉ ክፍል ብቻ እንዲሆን ነው፤ ግድግዳ የሌለው ግን እስከ አፉ ይሞላና በብዙ መቶ ኪሎ የሚቆጠር ዕዳ ይሆናል። ግድግዳው ዙሪያውን በሙጫ መታሸጉን ለማወቅ በጨለማ ጊዜ በአንደኛው ክፍል ባትሪ አብርቶ በሌላው ወገን ማየት ይበቃል።

ስለ ሠሪው ጤንነት ሊታለፍ የማይገባ ነገር አለ። ያልደረቀ ኤፖክሲ ቆዳን ያስቆጣል፤ በተደጋጋሚ የነካው ሰው ከጊዜ በኋላ ጥቂት እንኳ ሲነካው ሰውነቱ የሚያብጥ ይሆናል፤ ይህም ከመጣ አይመለስም። ጓንት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ይለበሳል። በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፈግ የሚነሣው ብናኝም ያለ አፍንጫ መሸፈኛ አይሳብም። ኤፖክሲ ራሱ ደግሞ ፀሐይን አይችልም፤ በላዩ ፀሐይ የሚከላከል ቫርኒሽ ወይም ቀለም ካልተደረገ ይበጣጠሳል።

ሻጮች ሥራው ከ80 እስከ 100 ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። የመፈግፈጉን ሥራ የቆጠሩት አይመስልም። በሌላም በኩል፣ ከፋብሪካ የሚወጣው የፕላስቲክ ካያክ ድንጋይ ላይ ቢጎተት ግድ የለውም፤ ለጀማሪና ለኪራይ ቤት እርሱ ይሻላል ቢባል ሐሰት አይሆንም። የእንጨቱ ብልጫ ሌላ ነው። ይቀላል፤ ለሚቀዝፈው ሰው ልክ ተደርጎ ሊሠራ ይችላል፤ ሲሰበርም በራሱ በሠራው ሰው እጅ ይጠገናል። ሠሪው በየቦታው ምን እንዳለ ያውቃል፤ ደብተሩ አለው።

የመጀመሪያው ፈተና የሚደረገው ጉልበት በሚያህል ውሃ ላይ ነው። ሠሪው ከውስጥ በስፌቱ መስመር ሁሉ ደረቅ የጋዜጣ ወረቀት ይዘረጋል፤ ገብቶ ይቀመጣል፤ ሩብ ሰዓት ያህል ሳይቀዝፍ ይቆያል። ከዚያም ወደ ዳር ወጥቶ ወረቀቱን አንድ በአንድ ያነሣል። የረጠበ ወረቀት ከተገኘ፣ በእርሳስ ቦታው ይመለከታል፤ ታንኳው ሳምንት በጥላ ይደርቃል፤ ቦታው ተፍቆ እንደገና ይለጠፋል። የስንተኛው ኩባያ ሥራ እንደ ነበረ ከደብተሩ ይፈለግና፣ በዚያው ኩባያ የተሠሩት ሌሎች ቦታዎችም አብረው ይፋቃሉ።